እና ጓደኞቻቸው

በክብ ማኅተማችን፣ ዙሪያውን ታትሞ፣
«ሽመክት፣ ብርነሽ እና ጓደኞቻቸው» ይላል፣ ቀለሙ ተዳክሞ።
እኔ «እና» ነኝ። ወይ «ጓደኞቻቸው»።
ከአምስቱ ፈራሚ የሁለቱ ብቻ ተጻፈ ስማቸው፤
ዕዳው ግን ሁላችንን እኩል አከበረን፣
«አንዱ ቢጎድል ሌላው» ብሎ ውሉ ያሰረን።

ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ሼዳችን፤
ከታች የበር ብየዳ፣ ከላይ ጫማ፣ መሃል የእኛ ክር፣ የእኛ መቀሳችን።
ሰማያዊ ቴትሮን፣ የተማሪ ሸሚዝ፣ ኮሌታ በኮሌታ፣
አምስት ማሽን፣ አምስት ወንበር፣ አንድ አምፖል የሚርገበገብ ማታ ማታ።
በየማሽኑ እግር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤
«የብድር ንብረት» ማለቱ ነው፤ ስንሰፋም አፍጦ ያያል።

ሽመክት በሚያዝያ «መጣሁ» ብሎ ወጣ።
ጃኬቱ ምስማሩ ላይ ቀረ፤ እሱ ግን አልመጣ።
ስሙ ነው ማኅተሙ ላይ በየወሩ የሚፈርም፣
በየደረሰኙ ከእኛ ቀድሞ የሚቆም።

ሐምሌ። ትምህርት ቤቱ «መስከረም ሲጠባ እንከፍላለን» አለ፤
ለተበዳሪ ወር ግን መዘግየት የት አለ?
ሃያ አምስተኛው ቀን ሲደርስ፣ ዳምጠው አንገቱን ደፍቶ፣
«መዘምዘሚያውን እንሽጠው» አለ፣ መርፌ በጥርሱ እንደያዘ፣ ከዓይናችን ሸሽቶ።
ሸጥነው።
የማሽኑን ዕዳ ልንከፍል፣ ማሽኑን።
ያኔ አላየነውም፣ እግር ሸጦ ጫማ መግዛት መሆኑን።
ከዚያ ወዲህ የሸሚዙን ጠርዝ ባንቺአምላክ በእጇ ትዘመዝማለች፤
ሌሊቱን በመርፌ እየቆጠረች ታነጋለች።

ከብድር ክትትል ወይዘሮ ጸዳሉ፣ ኅዳር አሥራ አንድ ደወሉ፤
«ከሰዓት መጥቼ ንብረት እቆጥራለሁ» አሉ።
ተያየን።
አንድም ቃል ሳንተነፍስ ወደ ዘነቡ ሼድ ሄድን፤
«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ» አለችን። ለአራት ተሸክመን ወሰድን።
ቁጥሯን በሳሙና ፈተግን፣ የእኛን ጻፍን በጥፍር ቀለም፤
የባንቺአምላክ ነበረ፣ ለእህቷ ሠርግ የገዛችው። ሌላ ቀይ የለም።

መጡ። መነጽራቸውን ወልውለው ፋይሉን ገለጡ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ፣ አምስተኛው ላይ ተቀመጡ።
መዳፋቸውን አሳረፉበት።
«ይሞቃል» አሉ፤ «አሁን ስትሠሩበት ነበር?»
«አዎ» አለች ብርነሽ።
ከመርፌው የተንጠለጠለውን ክር በሁለት ጣት ያዙት፤
«ጨርቃችሁ ሰማያዊ ነው፤ ይሄ ክር ግን…» ወደ መስኮቱ አቀረቡት።
ቡናማ ነበር።
የዘነቡ ክር፣ የሆቴል መጋረጃ።

ታች ያለው በያጅ እንኳ ያን ሰዓት ዝም አለ።
«ክፍያችሁ አንድ ወር አልተዛነፈም» አሉ፤ «ንብረቱ ነው የጎደለ።»
ቅጹ ሳጥን ሳጥን ነው፤ ከፍሏል፣ አልከፈለም። አለ፣ የለም።
«የለም፣ ስለከፈለ» የሚል ሳጥን የለም።

እርሳስ ጠየቁን። እስክሪብቶ ደረታቸው ላይ እያለ፣ እርሳስ።
«እስከ ጥር ሠላሳ» ብለው ጻፉ፣ ቀለል አድርገው፣ የሚጠፋ ሲዳሰስ።
«ዘነቡን ጠዋት ቆጥሬያታለሁ» አሉን፣ ደረጃውን ሲወርዱ፤
«ሥራ ፈትታ ትጠብቃለች፣ መልሱላት።» ተረከዛቸውን ሰማን፣ ኳ ኳ እያሉ ሲሄዱ።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት። ባንክ ወረፋ ይዣለሁ፣ ቁጥሬ መቶ ስምንት፤
እጄ ላይ የአራት ሰው ብር፣ ጠረኑ ላብና የማሽን ቅባት።
ወረቀቱ «የከፋይ ስም» ይላል። መስመሩ አጭር፣ ስማችን ረዥም፤
ሽመክትን ጻፍኩ፣ ብርነሽን ጻፍኩ፣ ፊደሌን ማሳነስ አልቻልኩም።
«እና» ላይ ስደርስ
መስመሩ አለቀ።